የመፍቻው ማኅተም ብቻውን አይበቃም፤ ለ«አምስቱ ምልክቶች» ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የድሮ የጦር መኪና ወዳጆች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ከጂፖችና ከወታደራዊ ጭነት መኪናዎች ጋር ይሰጡ የነበሩትን መፍቻዎች፣ ፒንሳዎች፣ መዶሻዎችና መጥረቢያዎች በአምስት ምልክት ብቻ መለየት ይቻላል ይላል። እኔም ዘንድ ከአንድ በላይ ሰው ልኮልኛል፤ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው የጠየቁኝም አሉ። መልሴ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የቀስት ምልክት ያለበት መሣሪያ ሁሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መኪና ውስጥ የነበረ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ «ፎርድ» የሚል ጽሑፍ ወይም የፎርድ «ኤፍ» ፊደል ያለበት መፍቻ የጂፕ ነው። ሦስተኛ፣ ጥቁር መሣሪያ የጦርነቱ ዘመን ነው፣ ክሮም የተነከረ ከሆነ ግን ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። አራተኛ፣ መፍቻው ላይ የተጻፈው ቁጥር የአፉ ስፋት ነው፤ የመኪናውን ዳዶ በልኩ ከያዘ የዚያ መኪና መፍቻ ነው። አምስተኛ፣ ረጅም የመንግሥት የዕቃ ቁጥር የተመታበት ከጦርነቱ የተረፈ ነው፤ ምንም ምልክት የሌለበት የሲቪል ነው። በመጨረሻም ምልክቱ በደንብ እንዲነበብ መሣሪያውን በሞተር በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት ብለው ይመክራሉ።

ጸሐፊው ለጀማሪ አስበው እንደጻፉ ይታየኛል። ሻጭ የነገራችሁን አትመኑ፣ መሣሪያውን ራሱን አገላብጣችሁ እዩ ማለታቸውም ትክክል ነው። ችግሩ ካዩ በኋላ በሚደርሱበት ድምዳሜ ላይ ነው። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» እንደሚባለው፣ አንድ መፍቻ አንዴ «የጂፕ ነው» ከተባለ በኋላ የሚገዛውም የሚሸጠውም ያንኑ ስም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ማን ያርመዋል?

ከአራተኛው ነጥብ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መፍቻዎች ጎን ለጎን አሉ። ሁለቱም ላይ 3/8 የሚል ቁጥር አለ። የአንደኛው አፍ በካሊፐር (በረቂቅ መለኪያ) ሲለካ 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሌላው 18 ሚሊሜትር። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ አፍ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። አሜሪካ የተሠራው መፍቻ 3/8 ሲል የአፉን ስፋት በኢንች መናገሩ ነው። እንግሊዝ የተሠራው ግን 3/8 ሲል መፍቻው የሚፈታውን ብሎን ውፍረት ነው የሚናገረው፤ ዳዶው ከዚያ በጣም ይሰፋል። የጸሐፊውን ምክር ተከትሎ «ቁጥሩ የአፉ ስፋት ነው» ብሎ የሚነሳ ሰው የእንግሊዝን መፍቻ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ይስተዋል።

ልዩነቱ የቆየ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ በየፋብሪካው መለያየቱ ቀርቶ አንድ ልክ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። በ1864 ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ ፊላደልፊያ ላይ የራሱን ሥርዓት አቀረበ፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሆነ። ሴለርስ የዳዶውንም ስፋት በቀላል ስሌት ወሰነው፦ የብሎኑ ውፍረት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ከዚያ 1/8 ኢንች ይጨመርበታል።

ይህ ስሌት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም የጂፕን መፍቻዎች የሚያስለየው እሱ ነው። የአሜሪካ ጦር ለጂፕ የሰጠው ባለ ሁለት አፍ መፍቻ አምስት ነው፤ ልካቸውም 3/8 በ7/16፣ 1/2 በ19/32፣ 9/16 በ11/16፣ 5/8 በ25/32፣ 3/4 በ7/8። የዛሬ መፍቻ የለመደ ሰው 19/32 እና 25/32 ሲያይ ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱም ፋብሪካው ተሳስቶ የመታው ይመስለዋል። አልተሳሳተም። የ5/16 ብሎን በሴለርስ ስሌት ቢሰላ 15/32 ላይ 4/32 ተጨምሮ 19/32 ይመጣል። የ7/16 ብሎንም እንዲሁ 25/32 ይሰጣል። 11/16 እና 7/8ም ከዚያው ስሌት የወጡ ናቸው፤ የ3/8 እና የ1/2 ኢንች ብሎን ዳዶዎች ናቸው። በአንድ መፍቻ ላይ አሮጌው ልክና አነስ ያለው አዲሱ ልክ አብረው ተቀምጠዋል ማለት ነው። እንደነዚህ ያሉ ልኮች ጥንድ ሆነው ሲገኙ ስለ ዘመኑ ከማንኛውም ማኅተም የበለጠ ይናገራሉ። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም፤ በጣም የቆጨኝም ይህ ነው።

«ዳዶውን በልኩ ከያዘ የዚያ መኪና ነው» የሚለውንም በቁጥር እንየው። 19/32 ኢንች ማለት 15.08 ሚሊሜትር ነው። በእንግሊዝ 5/16 ዊትወርዝ የሚባለው መፍቻ አፉ 0.600 ኢንች፣ ማለትም 15.24 ሚሊሜትር ነው። ሜትሪኩ 15 ደግሞ ያው 15 ነው። አሜሪካዊው፣ እንግሊዛዊውና ሜትሪኩ፣ ሦስቱም ከሩብ ሚሊሜትር ባነሰ ልዩነት ውስጥ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ለሰማንያ ዓመት የተሠራበት መፍቻ አፉ ከዚህ በላይ ይከፈታል። ስለዚህ ሦስቱም ያንኑ ዳዶ ይይዙታል፤ አንዱ ጠበቅ አንዱ ላላ ቢልም ይፈቱታል። መያዙ ምን አረጋገጠ? ደግሞስ ያ ዳዶ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ለመሆኑ ማን ምስክር አለ? ስንቱ መካኒክ እጁ ላይ ባገኘው ብሎንና ዳዶ ተክቶት ይሆናል።

የእንግሊዝ መኪና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከዊትወርዝ በኋላ ጥርሱ ረቀቅ ያለ «ቢኤስኤፍ» የተባለ ሥርዓት መጣ፤ ለአንድ ዓይነት ውፍረት የዳዶው ስፋት በአንድ ደረጃ ያንሳል። ለዚህ ነው በአንድ አፍ ላይ «5/16 ዊትወርዝ» እና «3/8 ቢኤስ» ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው፤ ሁለቱም ያው 0.600 ኢንች ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ለመቆጠብ ሲባል የዊትወርዝ ብሎንና ዳዶም ወደዚያው ወደ አነስተኛው ልክ ወረደ። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ መኪናና በጦርነቱ መጨረሻ የተሠራ መኪና እኩል ውፍረት ላለው ብሎን የተለያየ መፍቻ ሊፈልጉ ይችላሉ። በቁጥሩ ብቻ የሚሄድ ሰው አንዱን «የተሳሳተ» ብሎ ይጥለዋል። ትክክለኛውን ነው የጣለው።

ሌላም አለ። በብዙ የአሜሪካ መፍቻዎች መሐል ላይ 725 ወይም 731 የመሰለ ቁጥር አለ። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን «የጦር ምድብ ቁጥር» ብለውታል። አይደለም፤ የሞዴል ቁጥር ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለሲቪል ገበያም በጋራ ይጠቀሙበት ነበር።

ወደ ፎርድ ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። ፎርድ «ጂፒደብሊው» የሚባለውን ጂፕ በጦርነቱ ጊዜ ከ270,000 በላይ ሠርቷል፤ በራሱ ክፍሎች፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር፣ ያችን የተጠማዘዘች «ኤፍ» ይመታ ነበር። ከእነዚህ ጂፖች ጋር የተሰጡ የኤፍ ምልክት ያለባቸው መሣሪያዎች መኖራቸውንም አልክድም። ግን ፎርድ መፍቻ ላይ ስሙን መምታት የጀመረው በጂፕ ጊዜ አይደለም። ከ1908 እስከ 1927 የተሠራው ሞዴል ቲ ብቻ 15 ሚሊዮን ደርሷል፤ እያንዳንዱም የራሱ የመሣሪያ ጥቅል ነበረው፤ «ፎርድ» የሚል የተጻፈበት መፍቻም በውስጡ። ቀጥሎ ሞዴል ኤ በሚሊዮኖች መጣ፤ ከዚያ ባለ ስምንት ሲሊንደሮቹ። እንግዲህ ከአንድ አሮጌ ሳጥን ሥር «ፎርድ» የሚል መፍቻ ብታነሱ የማን የመሆን ዕድሉ ይበልጣል? ከሩብ ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጡት ጂፖች ወይስ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጧቸው የሲቪል መኪናዎች? ፊደሉ ፋብሪካውን ይነግረናል። መኪናውን ለማወቅ ልኩን፣ ቅርጹንና የጦሩን የመሣሪያ ዝርዝር ማስተያየት የግድ ነው። ሌላውን ግማሽም አንርሳ፦ ሌላው የጂፕ ፋብሪካ ዊሊስ የሠራቸው ከ350,000 በላይ ጂፖችም አሉ፤ እነሱን በኤፍ መፍቻ የሚሞላ ሰው ጂፑን የራሱ ባልሆነ ዕቃ እየሞላው ነው።

ቀስቱ። የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጭረት ቀስት ትርጉሙ «የመንግሥት ንብረት» ማለት ብቻ ነው። ከሞተር መኪና መፈጠር በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያገለገለ ምልክት ነው። የባሕር ኃይል ዕቃ ላይ አለ፤ የቢሮ ማስመሪያ ላይ አለ፤ ቀያሾች ከፍታ ለማመልከት በድንጋይ ግንብ ላይ ቀርጸውታል፤ የእስረኛ ልብስ ላይ ሳይቀር ታትሟል። ስለዚህ ቀስት ያለበት ፒንሳ ከታንክ ሊመጣ ይችላል፣ ከመርከብ ሊመጣ ይችላል፣ ከመጋዘን ተነስቶ መኪና ውስጥ ገብቶ የማያውቅም ሊሆን ይችላል።

በቀስቱ ዙሪያ ያለውም መታየት አለበት። በ«ሲ» ፊደል ውስጥ የተቀመጠ ቀስት የካናዳ ነው፤ በሁለት «ዲ» መካከል ያለ የአውስትራሊያ ነው፤ ከ«አይ» ጋር ያለ የህንድ፣ ከ«ዩ» ጋር ያለ የደቡብ አፍሪካ ነው። ዘውድና «ኤኤም» ካለበት የአየር ሚኒስቴር ነው። ጸሐፊው እነዚህን ሁሉ «የእንግሊዝ ጦር መኪና» ብለው በአንድ ከረጢት ከተዋቸዋል። ካናዳ ለጦርነቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደራዊ መኪናዎችን እንደሠራች ለሚያውቅ ሰው ያች «ሲ» ትንሽ ነገር አይደለችም።

የምቀበለው አለ። አካፋና መጥረቢያ ላይ የሠሪው ስም፣ ቀስቱና ዓመቱ፣ ለምሳሌ 1943፣ አብረው በአንድ እጅ ተመተው ከተገኙ የዘመኑ ማስረጃ ጠንካራ ነው። ግን ያው መጥረቢያ ለእግረኛውም ለመሐንዲሱም ይታደል ነበር። ዓመቱን አወቅን እንጂ መኪናውን አላወቅንም።

ደግሞ ቀስት ማስመታት ከባድ አይደለም፤ የመምቻ ብረት ያለው ማንም ሰው ዛሬ ማታ ሊመታው ይችላል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ይታወቃል። በቅርብ ያየሁት አንድ መፍቻ እጀታው በሙሉ በዝገት ተቦርቡሯል፤ ጉድጓዶቹ እንደ ፈንጣጣ ፊት ጥልቅ ናቸው። ቀስቱ ግን በጉድጓዶቹ ላይ ተሻግሮ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ጠርዙ እንደ ቢላ ስለት ነው፣ ወለሉ ላይ አንድም የዝገት ነጥብ የለም። ዝገቱ ቀድሞ መጥቶ ምልክቱ በኋላ ተመትቷል ማለት ነው። እውነተኛ አሮጌ ምልክት ከብረቱ ጋር አብሮ ያረጃል፤ በመመታቱ ጊዜ ወደ ጎን የተነሳው ከንፈር በእጅ ብዛት ይሟሟል፤ ጉድጓዱም ልክ እንደ ዙሪያው ይዝጋል። ይህን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚያግዝ አንድ ምሳሌ ራሴ ላምጣ። የጀርመን መሣሪያዎች ላይ ያሉት ባለ ሦስት ፊደል የፋብሪካ ኮዶች በእርግጥ ብዙ ይናገራሉ። ጀርመን ፋብሪካዎቿን ከጠላት ለመደበቅ በጦርነቱ ዘመን ያወጣቻቸው ስለሆኑ ሠሪውንም ዘመኑንም በአንድ ጊዜ ያጠባሉ። ማኅተም ብቻውን ሩቅ የሚወስደው እዚህ ነው። ቢሆንም ኮዱ የፋብሪካ ስም ነው፤ መፍቻው ኩቤልቫገን በተባለችው የጀርመን ጦር ትንሽ መኪና ውስጥ ይኑር የጥገና ፋብሪካ ውስጥ አይነግርም።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ክሮምና ኒኬል ለሌላ ሥራ ስለተፈለጉ መሣሪያ ሠሪዎች ማብረቅረቁን ተዉት፤ ይህ እውነት ነው፤ ጸሐፊው የተነሱበት መሠረትም ደህና ነው። ነገር ግን ጥቁር ሆኖ የወጣ ርካሽ መፍቻ ከጦርነቱ በፊትም ነበር፣ በኋላም ነበር፣ ዛሬም አለ። ጦሩም ከመከልከሉ በፊት የተሠራ ክሮም መሣሪያ በእጁ ነበረው፤ «ክሮም ነው» ብሎ አልጣለውም። ቀለሙ ጥርጣሬ ሊያስነሳ ይችላል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ የተገላቢጦሽ ነው። ጸሐፊው ለምሳሌ ያነሱት ቁጥር በ5120 የሚጀምር ነው። 5120 በአሜሪካ መንግሥት የዕቃ አመዳደብ ውስጥ የእጅ መሣሪያ ክፍል ነው፤ ይህ አመዳደብ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1952 ከወጣው የዕቃ ምዝገባ ሕግ ወዲህ ነው። መጀመሪያ 11 አኃዝ ነበረ፤ ከ1974 ወዲህ የአገር መለያ ሁለት አኃዝ ተጨምሮበት 13 ሆነ። ከ5120 ቀጥሎ 99 ካለ የእንግሊዝ ነው፣ 12 ካለ የጀርመን፣ 21 ካለ የካናዳ፣ 00 ወይም 01 ካለ የአሜሪካ። ስለዚህ ያ ቁጥር የተመታበት መፍቻ በ1944 ጂፕ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ለኮሪያ ጦርነት ዘመን መኪና እንኳ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ጸሐፊው የጦርነቱ ማረጋገጫ ያሉት ምልክት ጦርነቱን የሚያስወጣ ማስረጃ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ የነበረው አሜሪካዊ የመሣሪያ ቁጥር ሌላ ነው፤ በ41 ይጀምርና የዕቃውን የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ያስከትላል፤ መፍቻ ከሆነ «ደብሊው»፣ መዶሻ ከሆነ «ኤች»፣ ፒንሳ ከሆነ «ፒ»። ይህ ቁጥር በመጻሕፍትና በዝርዝር ውስጥ በብዛት አለ፤ ብረቱ ላይ ተመትቶ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። ጦሩ መፍቻ የገዛው በልክና በዓይነት ነው። በየካቲት 1944 የወጣው የጂፕ መመሪያ ቲኤም 9-803 የመሣሪያውን ዓይነትና ልክ ይዘረዝራል እንጂ «የእገሌ ፋብሪካ ይሁን» ብሎ አያስርም። ስለዚህ ባርካሎ፣ ቭልቼክ፣ ፌርማውንት፣ ኸርብራንድ የመሳሰሉ ሠሪዎች ለሲቪል ይሸጡት የነበረውን መፍቻ ለጦሩም አቀረቡ፤ ብዙው ላይ ያለው የሠሪው ስምና ልኩ ብቻ ነው። «ምልክት የለውም፣ የሲቪል ነው» ተብሎ የተጣለ ስንት ትክክለኛ የጂፕ መፍቻ እንዳለ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ሽቦ ብሩሹ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ዋናው ይኼ ነው።

ብዙ የዚያ ዘመን መሣሪያ በካድሚየም የተለበጠ ነው፤ ፈዘዝ ያለ፣ ብርማ ወደ ግራጫ የሚያደላ ልባስ ነው። የካድሚየም ብናኝ መርዝ ነው፤ ሳንባንና ኩላሊትን ይጎዳል። አሮጌው ወታደራዊ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በሞተር የሚሽከረከር ብሩሽ ሁለቱንም አቡኖ ፊት ላይ ያመጣቸዋል። ጽሑፉ ግን ስለ ጭምብል እንኳ አልተናገረም። ጀማሪ ሰው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ልጆቹ አጠገቡ ቆመው፣ ይህን ምክር ተከትሎ ይፈትጋል።

መሣሪያውንም ይጎዳዋል። የመጀመሪያው ልባስ፣ የቀለሙ ቅሪት፣ የሞረዱ ጭረት፣ የማኅተሙ ጠርዝ፣ ከላይ ያነሳሁት የዝገትና የምልክት ቅደም ተከተል ሁሉ የሚነበበው ላዩ ላይ ነው። ላዩ ከተፈተገ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምንለይበት ነገር አብሮ ይሄዳል። ጸሐፊው ምልክቱ እንዲነበብ ብለው ያዘዙት ነገር ምልክቱን ነው የሚያጠፋው።

ለማንበብ ብቻ ከሆነ ቀላል መንገድ አለ። በዘይት በራሰ ጨርቅ ማበስ፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት፣ ፊደሉ ላይ ነጭ ጠመኔ አሽቶ ላዩን በጣት መጥረግ። አብዛኛው በዚህ ይነበባል። ዝገቱ የከፋ ከሆነና ልባስ እንዳልቀረው ከታየ፣ በማጠቢያ ሶዳ ውኃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከኤሌክትሪኩ ሌላ ጫፍ ጋር የሚያያዘው ተራ ብረት ይሁን፣ አይዝጌ ብረት ግን አይደረግ፤ ከእሱ የሚወጣው የክሮም ውሕድ መርዛማ ነውና። ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ ከውኃው የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ስለ ፎርድ፣ ስለ ቀስትና ስለ ቁጥሩ ልንከራከር እንችላለን፤ እኔም የተሳሳትኩት ካለ ይታረምልኝ። የሽቦ ብሩሹን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ቢያወጡት፤ ጽሑፉ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል፣ ምክሩንም አንዳንዱ እየሠራበት ነው።